«ሰ»ን ፍለጋ

የእንቁላል ካርቶን የለበሰ ግድግዳ፣
አንድ ማይክ ለአሥራ ሰባት እንግዳ፣
መብራት ሲመጣ የሚነሣ፣ ሲሄድ የሚተኛ ኮምፒውተር፤
የማርቆስ ኮሌጃችን የድምፅ ክፍል ይኸው ነበር።

መምህር አግማስ ገባ፣ ጫማውን ከበሩ ላይ አውልቆ፣
አየን፣ ዝም አለ፣ ከንፈሩን አጥብቆ።
«የቤት ሥራ» አለን በመጨረሻ፤
«አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅረፁ፣ እስከ ሰኞ ማምሻ።»

ከተማው ግን ዝም አይልም።
ባጃጁ አለ፤ የብረት በር ብየዳው፤
ዝናቡ አለ፣ ቆርቆሮውን በጥፊ የሚጎዳው።
ሌሊት ወጣሁ፤ ውሻ አለ። ውሻው ሲተኛ ጅብ አለ።
ጅቡም ሲሄድ የራሴ ልብ፣ ሜትሩ ላይ እየዘለለ።
ሰኞ ባዶ እጄን ገባሁ። አግማስ ሣቀ፦
«ዝምታ የሚባል እንደሌለ ያወቀ
የሴሚስተሩን ግማሽ አጠናቀቀ።»

ቀጥሎ ጆሮን ተማርን።
«ወፍጮ ቤት ለኖረ ሰው» አለና መስመር አሰመረ፤
መስመሩ አራት ሺህ ኸርዝ ሲደርስ ጉድጓድ ገብቶ ቀረ።
«መጀመሪያ የሚጠፉት ስስ ፊደሎች ናቸው፤
‹ሰ›፣ ‹ሸ›፣ ‹ፈ›፤ ንፋስ ናቸው፣ አጥንት የላቸው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።
ሉማሜ ታየኝ፤ የአባቴ የይርሳው ቅንድብ በዱቄት ነጥቶ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ከሞተሩ ጋር በጩኸት ተግባብቶ።
«ሰላም ዋልክ?» ስትለው እናቴ፣
«የቷ ላም?» ይላል አባቴ።
«ሻይ?» ስትለው «አይ» ያለችው ይመስለዋል፣ ይኮርፋል፤
ጎረቤት ይሥቃል።
እኔም ሥቄያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።
ግትርነት መስሎኝ፤ ጉድጓዱን ማን አሳየኝ?

መንገድ በተዘጋበት፣ ስልክ በጠፋበት በዚያ ክረምት
እናቴ ጆሮው ሥር ተጠግታ ጮኸችበት፦
«ሰላም ይመጣል አሉ! ሰው ሁሉ ይኸን ያወራል።»
«ላም?» አለ። ቆየ። «ላምማ አለችኝ በሰማይ፤ ወተቷን ማን ያያል?»
ሳይሰማ ይሁን ሰምቶ፣ እስከዛሬ አልለየሁም፤
ያን ቀን ግን ከቤታችን የሣቀ ሰው የለም።

ለመመረቂያ ጓደኞቼ ዘፈን ቀረፁ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት።
እኔ እናቴን ቀረፅኩ፤ ጓዳ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ሰቅዬላት።
የምትለው ቢጠፋት የወፍጮውን የዱቤ ደብተር አነበበች፤
ማንበብ የሚችል እሷ ብቻ ናት፤ ስም ከነቁናው ጠራች።
አራት ሺህ ኸርዝ ላይ ጣቴን አኖርኩ፣ ወደ ላይ ገፋሁ፣ ቀስ ብዬ፣
‹ሰ› እንደ ምላጭ እስኪሆን፣ ለኔ ጆሮ አልራራሁም ብዬ።
አግማስ ሰማው፤ ፊቱን አጨማደደ። «ለማን ነው ይኸ የተሠራ?»
«ወፍጮ ቤት ለኖረ ሰው» አልኩት።
እስክሪብቶው ቆመ፤ በእሱ ተራ።

ሉማሜ ወርጄ የጆሮ ማዳመጫውን ደፋሁለት፤ ሽበቱ ላይ ዱቄት አለ፤
መጀመሪያ ደነገጠ፤ ኋላ ከንፈሩ ቃሏን ተከተለ።
«...የሽዋስ፣ ስንዴ፣ ሰባት ቁና...»
በእጁ አስቆመኝ። «ድገሚው እስቲ፣ እንደገና።»
«ሰባት?»
«ሰባት፣ አባዬ።»
ሁለት ዓመት ሙሉ ከየሽዋስ ጋር የተኳረፈው፣
«አራት ነው ያመጣኸው» ብሎ ሽማግሌ የገፋው፣
እናቴም «ሰባት» ስትለው «አዎ፣ አራት» ብሎ ያሳለፈው
በአንዲት ፊደል ነው፤ አጥንት በሌላት፣ ንፋስ በሆነች።
ብድግ ሲል ሽቦው ተጎተተ፣ ማይኳ ወደቀች።

ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ፣ ወደ የሽዋስ ቤት።
«በሰላም ግባ!» አለችው እናቴ፣ ከኋላው፣ ከደጅ አፍ ቆማለት።
ዞረ። «ላሚቱን ከነጥጃዋ ነድቼ ነው እንጂ፣ ባዶ እጄን አልገባም!»
ሳይሰማ ይሁን ሰምቶ፣ አሁንም አልለየሁም።
ጥርሱ ግን ታየኝ፤
ማይኳም ከወለሉ ላይ ሆና፣ ቀይ መብራቷ አልጠፋችም።